ያውቁ ኖሯል? ቁስ አካል የለም ያሉት ጳጳስና የዘ ስትሪፕ መብራቶች!

ያ በፊልም የሚያዩት፣ በመብራት የተንቆጠቆጠ የላስ ቬጋስ ጎዳና ላስ ቬጋስ ከተማ ውስጥ አይደለም! አዎ፣ በትክክል አንብበዋል! ዘ ስትሪፕ 6.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ያረፈው ግን ከከተማዋ ወሰን ውጭ፣ ፓራዳይዝና ዊንቸስተር በሚባሉ የክላርክ ካውንቲ ቀበሌዎች ላይ ነው! በ1959 የተተከለው ዝነኛው የእንኳን ደህና መጡ ምልክት እንኳ የቆመው ከከተማዋ ወሰን ውጭ ነው! (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? ዓይን የሚያየውንና ነገሩ የሆነውን ለይተው ለመመርመር ዕድሜያቸውን የሰጡ አንድ አየርላንዳዊ ጳጳስ ነበሩ! ስማቸው ጆርጅ በርክሌይ ይባላል። በ1685 ሲወለዱ ጎንደር ላይ የነገሡት አድያም ሰገድ ኢያሱ ነበሩ! ጳጳሱ ዘ ስትሪፕን አላዩም፤ ኤሌክትሪክ መብራትም አላዩም። ግን በዚህ ጎዳና ላይ ከእሳቸው የተሻለ አስጎብኚ አያገኙም!

እኒህ ሰው በ25 ዓመታቸው፣ በ1710 ባሳተሙት መጽሐፍ ቁስ አካል የሚባል ነገር የለም ብለው ተነሡ! ድንጋዩ አለ፣ ዛፉ አለ፣ እንጀራው አለ! የሌለው ከምናየው፣ ከምንዳስሰውና ከምንቀምሰው ጀርባ ተደብቆ ተቀምጧል የሚባለው፣ ማንም አይቶት የማያውቀው «ቁስ» ነው! የሚታይ ነገር ሁሉ የሚኖረው በሚያስተውል አእምሮ ዘንድ ነው አሉ። ሰው የማያየውንስ ማን ያኖረዋል? እግዚአብሔር! እሱ ሁሌም ያያልና!

እንዲህ ያለ ሰው ለሳይንስ ጠላት ይመስልዎታል? በጭራሽ! ሳይንስ ውስጥ ገብተው የጠየቋቸው ጥያቄዎች የኒውተንን ተከታዮች ለዓመታት እንቅልፍ ነሥተዋል!

በ24 ዓመታቸው ስለ ማየት አንድ መጽሐፍ ጻፉ፤ ዘመኑ 1709 ነበር። እዚያ ውስጥ ያለው አንድ ሐሳብ ብቻ ያስደነግጣል፦ ርቀት አይታይም! ከሩቅም ይምጣ ከቅርብ፣ ወደ ዓይንዎ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ጨረር የሚያርፈው አንዲት ነጥብ ላይ ነው። ነጥቧ ደግሞ የስንት ሜትር መንገድ እንደተጓዘች አትናገርም! ርቀትን የሚያውቁት በልምድ ነው፤ ሄደው፣ ደርሰው፣ ነክተው!

አሁን ዘ ስትሪፕ ላይ ይቁሙ! ፊት ለፊትዎ ያለው ሆቴል እጅዎን ቢዘረጉ የሚነኩት ይመስላል። ታክሲ ለምን? በእግራችን እንሂድ ይላሉ። ግማሽ ሰዓት ይሄዳሉ፤ ሆቴሉ እዚያው ነው! እንደገና ይሄዳሉ፤ አሁንም እዚያው ነው! ላስ ቬጋስ ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን ጉድ አሳምረው ያውቁታል፤ ላብ ያጠመቀውን ቱሪስት መንገድ ላይ የሚያነሡት እነሱ ናቸውና!

ምክንያቱን በርክሌይ ጽፈውታል! ሩቅ ያለ ነገር ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ አእምሮም ድብዛዜውን አይቶ ሩቅ ነው ብሎ ይፈርዳል። ኔቫዳ ግን በረሃ ነው! አየሩ ደረቅ ነው፤ ጭጋግ የለም፤ ሩቁ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ሕንፃዎቹ ደግሞ ከመጠን በላይ ግዙፍ ናቸው! ደብዛዛ ያልሆነ፣ ትልቅም የሆነ ነገር ለአእምሮ ቅርብ ነው!

ጨረቃም ታታልልዎታለች! ከከተማዋ በስተምሥራቅ ካለው ከፍሬንችማን ተራራ ጀርባ ብቅ ስትል ሞሰብ የምታክል ትመስላለች። እኩለ ሌሊት ላይ አናትዎ ላይ ስትደርስ ትንሽ ናት! ግን ዓይንዎ ውስጥ የምታርፈው ምስል መጠኑ አልተለወጠም! በርክሌይ ይህን እንቆቅልሽ ገጽ በገጽ ዘርዝረው ለመፍታት ታግለዋል። ሳይንቲስቶች እስከ ዛሬ በአንድ መልስ አልተስማሙም! ወረቀት ጠቅልለው በቀዳዳው ይመልከቷት፤ ለብዙ ሰው ወዲያው ታንሳለች!

ያውቁ ኖሯል? ከዘ ስትሪፕ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ ስፊር የሚባል፣ ቁመቱ 112 ሜትር ገደማ የሆነ ክብ ሕንፃ አለ! በ2023 ተከፈተ። የውጭ ገላው በ1.2 ሚሊዮን ያህል ክብ መብራቶች የተሸፈነ ነው፤ እያንዳንዳቸው ውስጥ 48 ጥቃቅን የኤልኢዲ መብራቶች አሉ! እና ምን ይታይበታል? አንዳንዴ ግዙፍ ጨረቃ፣ አንዳንዴ የሚርገበገብ ግዙፍ የሰው ዓይን! የበርክሌይ መጽሐፍ ሁለቱ ዋና ጉዳዮች፣ ተራራ አክለው፣ ሰማይ ሥር ያበራሉ!

የስፊር የውስጥ ስክሪን 16,000 በ16,000 ፒክሰል ነው! በርክሌይ ደግሞ ምን ብለው ነበር? የምናየው ነገር ሁሉ ከዚያ በታች ሊያንስ በማይችል፣ ለዓይን የመጨረሻ ትንሽ በሆነ ነጥብ የተሠራ ነው! መስመር ያለ ገደብ ሊከፋፈል አይችልም፤ አንድ ቦታ ላይ መከፋፈሉ ያበቃል አሉ። ይህን የጻፉት ቴሌቪዥን ከመፈልሰፉ ከ200 ዓመት በላይ ቀድመው ነው!

አሁን ወደ ትልቁ ጉድ እንግባ! ከውልደቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆነ ሰው አለ እንበል። ኳስንና ሣጥንን ዳስሶ ይለያል። ድንገት ዓይኑ በራ! ሳይነካቸው፣ አይቶ ብቻ የትኛው ኳስ እንደሆነ ይነግርዎታል? ጥያቄውን የጠየቁት የደብሊኑ ዊሊያም ሞሊኑ ናቸው። ጆን ሎክ አይችልም አሉ። በርክሌይም አይችልም አሉ፤ የእሳቸው መልስ ግን ከሁሉ የበረታ ነበር! ዓይን የሚያየውና እጅ የሚዳስሰው አንድ ነገር አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ ቋንቋዎች ናቸው፤ አንዱን የሚያውቅ ሌላውን ካልተማረ አያውቅም!

በ1728 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ቼዝልደን የአንድ 13 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ዓይን አበሩ! ልጁ ምን አለ? የሚያየው ነገር ሁሉ ዓይኑን የሚነካው መሰለው! ርቀት አያውቅም! የትኛው ነገር የትኛው እንደሆነም በማየት ብቻ አይለይም! በርክሌይ ይህን ሲሰሙ እንዴት እንደተደሰቱ መገመት አያዳግትም፤ በ1733 በጻፉት መጽሐፍ ላይ አስገብተውታል!

በ2011 ደግሞ ሕንድ ውስጥ የተደረገ ጥናት ውጤት ወጣ! ከ8 እስከ 17 ዓመት ያሉ አምስት ልጆች ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። በእጃቸው የዳሰሱትን በዓይናቸው እንዲለዩ ተጠየቁ። ያገኙት ውጤት ከግምት ብዙም የማይሻል ነበር! ከቀናት በኋላ ግን ተማሩት! ከሦስት መቶ ዓመት ክርክር በኋላ መልሱ ጳጳሱ እንዳሉት ሆነ!

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ታሪክ ግን የእኛው ነው! ኢትዮጵያ ውስጥ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሁለቱንም ዓይናቸውን የዓይን ሞራ የጋረዳቸው፣ ለዓመታት ሳይታከሙ የቆዩ ልጆች ቀዶ ሕክምና አግኝተው ብርሃን አዩ! የኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተከታተሏቸው፤ ውጤቱ በ2015 ወጣ። ልጆቹ ከብዙ ምስሎች መካከል በቀለም የተለየውን ቶሎ ለዩ! በመጠን የተለየውንም ለዩ! በቅርጽ የተለየውንም ለዩ!

ግን ጥላን አይተው ይህ ጎድጓዳ ነው፣ ያኛው እብጠት ነው ማለት አቃታቸው! አንድ ነገር ከሌላው ጀርባ በከፊል ሲደበቅ የተደበቀውን ክፍል በሐሳብ መሙላት አቃታቸው! አንድ ዓመት ቆይተውም ብዙ አልተሻሻሉም! እርስዎ ፎቶግራፍ አይተው ይህ ቅርብ ነው፣ ያ ሩቅ ነው የሚሉት ያለምንም ድካም ነው አይደል? ያ ሁሉ ገና እናትዎ ጀርባ ታዝለው ሳሉ የተማሩት ትምህርት ነው! መማርዎን ግን አያስታውሱትም!

በኋላ የመጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ልብ ያሞቃል! እንዲህ የታከሙ ልጆች መጀመሪያ ላይ ዓይናቸው የሚነግራቸውንና እጃቸው የሚነግራቸውን ማቀናጀት አይችሉም ነበር። ወራት ሲቆጠሩ ግን ሁለቱን ማገናኘት ቻሉ! እነዚህ ልጆች ለፈላስፎች ሙግት መልስ ለመሆን አልተወለዱም፤ ቶሎ መታከም ነበረባቸው። ያስተማሩን ግን ከመጻሕፍት ሁሉ ይልቃል!

ሌላ ይስሙ! ዓይንዎ ውስጥ ዓለም የተገለበጠች ናት! ሬቲና ላይ የሚያርፈው ምስል ራሱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ ነው። ታዲያ ለምን ቀጥ ብላ ትታያለች? በርክሌይ «ላይ» እና «ታች» ማለትን የተማርነው በመዳሰስና በመንቀሳቀስ ነው አሉ። ምስሉ ብቻውን ላይም ታችም የለውም!

ይህን የሞከረ ሰው አለ! ጆርጅ ስትራተን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1890ዎቹ ዓለምን የሚገለብጥ መነጽር አድርገው ስምንት ቀን ኖሩ! መጀመሪያ ሹካ ማንሳት እንኳ ፈተና ነበር። እየዋለ እያደረ ለመዱት! የት ያስተምሩ ነበር ቢሉ፣ በርክሌይ ከተማ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ! ከተማይቱ ስሟን ያገኘችው ከማን ይመስልዎታል? ከዚያው ጳጳስ ነው፤ በ1866!

ዘ ስትሪፕ ላይ ሰማይም ይሠራል! ሲዛርስ ፓላስ አጠገብ በ1992 የተከፈተው የገበያ አዳራሽ ጣሪያው ሰማይ ተቀብቶበታል። መብራቱ ቀስ እያለ ይለወጣል፤ ይነጋል፣ ይመሻል! ውጭው እኩለ ቀን ነው፤ ውስጡ ሊመሽ ነው! ቀለምና ጥላ ብቻ ነው። አንጋጠው ሲያዩት ግን ጥልቀቱ ማለቂያ የለውም!

ፓሪስ የሚባለው ሆቴል ያለው የአይፍል ግንብ ከእውነተኛው በግማሽ ያንሳል፤ 165 ሜትር ገደማ ነው! ኒው ዮርክ ኒው ዮርክ ሆቴል ደጃፍ የቆመችው የነፃነት ሐውልትም ግማሽ ናት! እና ምን ሆነ መሰልዎ? የአሜሪካ ፖስታ ቤት የነፃነት ሐውልትን ቴምብር አሳተመ፤ ቴምብሩ ላይ የወጣችው ግን የላስ ቬጋሷ ነበረች! ስህተቱ በ2011 ታወቀ። ቀራፂው ከሰሱ፤ በ2018 ፍርድ ቤት 3.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈረደላቸው!

ስህተቱ የሰው ብቻ አይደለም! ሐምሌ 2019 ላይ ላስ ቬጋስን የፌንጣ መንጋ ወረራት! በአንድ ሌሊት ብቻ ወደ 46 ሚሊዮን የሚገመት ፌንጣ በሰማይዋ ነበር፤ ክብደቱ 30 ቶን ያህል! የዝናብ ደመና እስኪመስል ድረስ የአየር ጠባይ ራዳር ላይ ታየ። የጠራቸው ምን ነበር? የከተማዋ መብራት! ለሺህ ዘመናት በሰማይ ብርሃን መንገዳቸውን የመሩ ነፍሳት ኒዮንን እንደ ምልክት አነበቡት!

በርክሌይ ተፈጥሮን ቋንቋ ነው ይሉ ነበር! የምናየው ሁሉ የሚመጣውን የሚነግር ምልክት ነው። ጭስ እሳትን፣ ድብዛዜ ርቀትን ይነግራል። የሳይንቲስት ሥራ ታዲያ ምንድን ነው? የቋንቋውን ሰዋስው መጻፍ! ኒውተንን የዚህ ሰዋስው ታላቅ ደራሲ አድርገው ያከብሯቸው ነበር!

ያከብሯቸው ነበር፤ ግን አልማሯቸውም! በ1721 በላቲን በጻፉት ትንሽ መጽሐፍ የስበት ኃይል ለስሌት የሚረዳ ቃል እንጂ በነገሮች ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም አሉ! ፖም መውደቁን አይተዋል። «ስበት» ራሱን ግን ማን አየው? ቀመሩን ይጠቀሙበት፤ ያሰላል፣ ይተነብያል! ነገር ግን ቀመሩን ምክንያት ነው ብለው አይሳቱ! ዛሬ የሳይንስ ፈላስፎች በዚህ ጥያቄ ላይ አሁንም ይሟገታሉ!

ኒውተን ባዶ ሆኖ የሚኖር፣ የማይንቀሳቀስ ፍጹም ሕዋ አለ ብለው ነበር። በርክሌይ የለም አሉ! በባዶ ዓለም ውስጥ ሁለት ኳሶች ብቻ አሉ ይበሉ፤ ሌላ ምንም! እርስ በርስ ይዞራሉ ማለት ትርጉም አለው? የለውም! ከዋክብት ያለበት ሰማይ ሲመጣ ያኔ ብቻ መዞር ይባላል!

ይህን ለማሰብ ምቹ ቦታ ከፈለጉ ሃይ ሮለር ላይ ይውጡ! በ2014 የተከፈተው ይህ የዘ ስትሪፕ መንኮራኩር 167 ሜትር ከፍታ አለው፤ አንዴ ለመዞር 30 ደቂቃ ይፈጅበታል! ከመዘግየቱ የተነሣ እርስዎ የሚወጡ ሳይሆን ሆቴሎቹ የሚወርዱ ይመስላል። ማን ተንቀሳቀሰ? በርክሌይ ከማን አንጻር ብለው ይጠይቁዎታል!

በርክሌይ ይህን ከጻፉ ከ160 ዓመት በኋላ ኦስትሪያዊው ኤርንስት ማክ ይህንኑ ሙግት በኒውተን ላይ አነሡ! የማክን መጽሐፍ በወጣትነቱ ያነበበ አንድ ሰው ደግሞ ፊዚክስን ገለበጠ፤ አልበርት አይንስታይን! ካርል ፖፐር በ1953 ባወጡት ጽሑፍ በርክሌይን የማክ ቀዳሚ ብለው አስቀምጠዋቸዋል!

ይኸው አይንስታይን ጨረቃ የምትኖረው ሲያዩዋት ብቻ ነው ብለህ ታምናለህ ወይ ብሎ ጓደኛውን አብርሃም ፓይስን መንገድ ላይ ጠይቆታል! ጥያቄው የመጣው ከኳንተም ፊዚክስ ነው። ጠረኑ ግን የጳጳሱ ነው!

ጊዜስ? በርክሌይ ከአእምሮ ውጭ የሚፈስ ጊዜ የለም አሉ፤ ጊዜ የሐሳቦች መከታተል ነው! ካዚኖ ይግቡና ያረጋግጡ! ግድግዳው ላይ ሰዓት የለም፤ መስኮት የለም! ለእርስዎ ሃያ ደቂቃ ያለፈ ይመስልዎታል፤ ውጭው ነግቷል! አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶችዎ ደግሞ በአሜሪካ የበጋ ሰዓት አሥር፣ በአሜሪካ ክረምት አሥራ አንድ ሰዓት ቀድመውዎት ይኖራሉ፤ ያውም በእኛ አቆጣጠር ሌላ ስድስት ሰዓት ለውጠው!

ይህን ደግሞ የዚያ ትውልድ አንባቢዎች ያስታውሱታል! በደርግ ዘመን ዲያሌክቲካል ማቴሪያሊዝም ሲያጠኑ የሃሳባዊነት አባት ተብለው የሚወገዙት እኒሁ በርክሌይ ናቸው! ሌኒን በ1909 ባሳተመው የፍልስፍና መጽሐፍ መግቢያ ላይ የ1710ሩን በርክሌይን አንሥቶ የዘመኑን ተቃዋሚዎቹን ከእሳቸው ጋር አጣምሮ ይወቅጣቸዋል። ከሞቱ 150 ዓመት ያለፋቸው ጳጳስ የአብዮተኛን እንቅልፍ ነሡ!

ካልኩለስ ያስጨንቅዎት ነበር? ብቻዎን አይደሉም! በ1734 በርክሌይ በካልኩለስ ላይ መጽሐፍ ጻፉ። ስሌቱ መጀመሪያ ላይ አንድ ኢምንት መጠን ዜሮ አይደለም ይላል፤ መጨረሻ ላይ ዜሮ ነው ብሎ ይጥለዋል! ይህ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ሃይማኖትን ምሥጢር ይበዛበታል ብላችሁ የምትተቹ፣ የእናንተስ ምሥጢር? መጽሐፉ የተጻፈው ለአንድ ለማያምን የሒሳብ ሰው ነው፤ ብዙዎች የጅራታሙ ኮከብ ባለቤት ኤድመንድ ሃሌይ ናቸው ይላሉ!

ሂሱ ትክክል ነበር! የስኮትላንዱ ኮሊን ማክሎሪን በ1742 ትልቅ መጽሐፍ ጽፈው ለኒውተን ተከራከሩ። መሠረቱን በደንብ ለማጥበቅ ግን የ1821ዱን ኮሺን፣ ከዚያም ቫየርሽትራስን መጠበቅ ግድ ሆነ! ኢምንት መጠኖቹ ራሳቸው በሙሉ ክብራቸው የተመለሱት በ1960ዎቹ፣ በአብርሃም ሮቢንሰን እጅ ነው!

በርክሌይን ከተቃወሙት አንዱ ማን ነበር መሰልዎ? ቶማስ ቤይዝ! በ1736 ስማቸውን ሳይጽፉ ለኒውተን ጥብቅና ቆሙ። በሕይወት ሳሉ ያሳተሟቸው ሥራዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ይህ ነው! ከሞቱ በኋላ በ1763 የወጣው የዕድል ቀመራቸው ግን ዛሬ ዓለምን ያሰላል! ካርታ በተገለጠ ቁጥር ግምትዎን የሚያስተካክሉት በእሳቸው ሕግ ነው!

በርክሌይ ስለ ገንዘብም ጽፈዋል! ከ1735 ጀምሮ ባወጡት፣ ከጥያቄ በቀር ሌላ ምንም በሌለበት መጽሐፍ ገንዘብ በራሱ ዋጋ ያለው ነገር ሳይሆን ቲኬት መሆኑን አሳዩ! ወርቅ መሆኑ ግዴታ አይደለም! የካዚኖ ቺፕስ በእጅዎ ይዘው ያስቡት፤ ከበሩ ውጭ አንድ ሻይ አይገዛም፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ሺህ ዶላር ነው!

ቁማርን ግን አጥብቀው ነው የጠሉት! በ1720 የአክሲዮን ግርግር እንግሊዝን ካከሰራት በኋላ ብዕራቸውን አነሡ። ሥራና ምርት ሳይፈጥር ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ገንዘብ ከቁማር አይለይም አሉ! ዛሬም የሚያስፈልገን ቃል ነው!

በርክሌይ እሳተ ገሞራ አፋፍ ላይም ቆመዋል! በ1717 ጣልያን አገር ቬሱቪየስ ላይ ወጥተው ጭሱን አዩ፣ ጉርምርምታውን ሰሙ፤ ያዩት በሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ታተመ! ዓለም በአእምሮ ውስጥ ነው የሚሉት ሰው ዓለምን ለማየት እሳት ድረስ ሄዱ! ዘ ስትሪፕ ላይ ደግሞ ሚራዥ ሆቴል ከ1989 ጀምሮ ሰው ሠራሽ እሳተ ገሞራ በየምሽቱ ያፈነዳ ነበር፤ ሆቴሉ በሐምሌ 2024 ተዘጋ!

ይህን እቤትዎ ይሞክሩት! አንድ እጅዎን ሙቅ ውሃ፣ ሌላውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይንከሩ። ከዚያ ሁለቱንም ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይክተቱ። አንዱ እጅ ቀዘቀዘኝ፣ ሌላው ሞቀኝ ይላል! ውሃው ግን አንድ ነው! በርክሌይ በ1713 በጻፉት የውይይት መጽሐፍ ላይ ይህን አቅርበው ጠየቁ፦ ሙቀቱ ታዲያ የት ነው ያለው?

ሐኪምም ሆነው ነበር! አየርላንድን በ1740 እና በ1741 ረሃብና ወረርሽኝ ሲመታት ለሀገረ ስብከታቸው ሰዎች የጥድ ቅጥራን የተዘፈዘፈበት ውሃ አጠጡ። በ1744 ስለ ቅጥራን ውሃ የጻፉት መጽሐፍ በዘመናቸው ከሥራዎቻቸው ሁሉ በብዛት የተሸጠው ሆነ! ከቅጥራን ይጀምራል፤ በሥላሴ ያበቃል! መድኃኒቱ ያሉትን ያህል አልሠራም፤ ለድሃ መራራታቸው ግን እውነተኛ ነበር።

ሳሙኤል ጆንሰን ግን ይህን የቁስ የለም ወሬ አልተቀበሉም! በ1763 ሃሪጅ በምትባል ወደብ ትልቅ ድንጋይ በእግራቸው በኃይል መቱና ይኸው መልሴ አሉ! እኚህ ጆንሰን ማን ናቸው? ስለ ሐበሻ የተጻፈውን የጄሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የመለሱ! በ1759 ራሴላስ የተባለውን የሐበሻ ልዑል ታሪክ የጻፉ! በልቦለዱ ውስጥ ፀሐይንና ዝናብን የማዘው እኔ ነኝ ብሎ የሚያምን የሥነ ፈለክ ሊቅ አለ! መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል!

በርክሌይ አሜሪካም ኖረዋል! ቤርሙዳ ደሴት ላይ ኮሌጅ ሊከፍቱ ፓርላማው 20,000 ፓውንድ ቃል ገባላቸው። ጥር 1729 ሮድ አይላንድ ደርሰው ገንዘቡን ጠበቁ፤ ጠበቁ፤ አልመጣም! በ1731 ተመለሱ። የኖሩበት ቤት እስከ ዛሬ ቆሟል!

ይህን መዝለል ግን አይገባም፦ በዚያ ቆይታቸው ሰዎችን በባርነት ገዝተው አሠርተዋል። ስለ ማየት ያን ያህል የጻፉ ሰው ይህን አላዩም! የደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ በ2023 ስማቸውን ከቤተ መጻሕፍቱ ላይ አነሣ። ተገቢ ነው!

እርሻቸውንና ከ800 በላይ መጻሕፍት ለየል ሰጡ፤ በ1733 ገደማ! በ1968 ከዚሁ ከየል ዩኒቨርሲቲ የተነሡ የሕንፃ ጥበብ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ከሮበርት ቬንቱሪና ከዴኒዝ ስኮት ብራውን ጋር ምን ሊያጠኑ ሄዱ መሰልዎ? ዘ ስትሪፕን! ያገኙትስ? እዚህ ጎዳና ላይ ሕንፃው ሳይሆን ምልክቱ ነው የሚገዛው! በ1972 የወጣው መጽሐፋቸው የሕንፃ ጥበብን ትምህርት ለወጠ!

የበርክሌይ ኑዛዜም ይገርማል! ስሞት አስከሬኔ ቢያንስ አምስት ቀን፣ እስኪሸት ድረስ እንኳ ቢሆን ሳይቀበር ይቆይ አሉ! በሕይወት ሳሉ እንዳይቀበሩ ነበር ሥጋታቸው። የስሜት ሕዋሳት ምስክርነት እስከ መጨረሻው ይሠራል!

አሁን ደግሞ ይህን ይስሙ! ቁስ አካል የለም ያሉት ሰው በስማቸው የሚጠራ ቁስ አለ! በታኅሣሥ 1949 በርክሌይ ከተማ ውስጥ 97ኛው ንጥረ ነገር ተገኘ፤ በከተማዋ ስም በርክሊየም ተባለ! ለሥራ የሚውለው ዓይነቱ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ግማሹ ይጠፋል! በ2009 አሜሪካኖች ከወራት ልፋት በኋላ 22 ሚሊግራም አገኙና ወደ ሩሲያ ላኩት። ሩሲያ ውስጥ በካልሲየም ደበደቡት፤ በዓለም ላይ ያልነበረ አዲስ ንጥረ ነገር፣ 117ኛው ተወለደ!